«ይቅርብኝ» በእንግሊዝኛ

ሰኞ 4

ሃያ ሰባት ሰው። ጉሮሮዬ ተዘግቷል።

የውጭ ሐኪሞቹ የሚቆዩት አንድ ወር ብቻ ነው፤ ዛሬ ለማን ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግ የሚለይበት ቀን ነበር። በአንደኛው ጠረጴዛ የማስተረጉመው እኔ፣ በሌላው መዝገበ ቃላት። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ አስተርጓሚ ነው፤ አንድ ቃል ለመምረጥ ጢሙን ሦስት ጊዜ ይዳብሳል። አስተባባሪዋ በየአምስት ደቂቃው ብቅ እያለች ሰዓቷን ታሳየናለች።

የመጨረሻው ሰው ልብስ ሰፊ ነበር። ከልቡ ቫልቮች አንዱ በደንብ አይገጥምም። ረጅሙ ሐኪም ሁሉንም ነገረው፤ ካልተሠራለት ዓመቱን መጨረሱ እንደሚያጠራጥር፣ ቢሠራለትም ከሃያ ሰው አንዱ ሳይነቃ ሊቀር እንደሚችል። አንዲት ሳላስቀር ተረጎምኩለት። ሰውየው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ «እኔስ ይቅርብኝ» አለ። እምቢ ብሏል አልኩ። ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት፣ ጻፈ። ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ሲል ደረስኩበት።

ረቡዕ 6

የልብስ ሰፊው ሚስት በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። አጭር ናት፣ አፏ ግን አጭር አይደለም።

«እህቴ፣ እስካሁን ስልክ አልተደወለልንም። ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ባለቤትዎ እኮ ይቅርብኝ ብለዋል» አልኳት።

ሳቀች። «እሱ? እሱማ ውሃ ጥም ሊገድለው ደርሶ ውሃ ብትሰጪው መጀመሪያ ይቅርብኝ ነው የሚለው። አባቴ እኔን ልዳርልህ ሲለው ራሱ ይቅርብኝ ብሎት ነበር። ሁለተኛ ሲለመን ግን ዓይኑን አላሸም!»

አብሬያት ሳቅሁ። ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። አጣራለሁ፣ ይጠብቁ አልኳት። ምኑን እንደማጣራ እኔም እንጃ።

ሐሙስ 7

በምሳ ሰዓት፣ ካርድ ክፍል ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ።

በቀን አሥር ጊዜ የምለው ቃል እንዲህ ያስቸግረኛል ብዬ አላስብም ነበር። ሪፊዩዝ እምቢ ነው፤ ይቅርብኝ ውስጥ ግን እምቢ የለም። ዲክላይን ጨዋ ነው፣ ነገር ግን ክራባት አስሮ የግብዣ ደብዳቤ የሚመልስ ሰው ቃል ነው። ፎርጎ ይሻላል፣ የራስን ድርሻ መተው ነው። ግን ፎርጎ ያለ ሰው ቆርጧል። ይቅርብኝ ያለ ሰው አልቆረጠም፤ አንድ ዓይኑ አሁንም ነገሩ ላይ ነው።

ለሐኪሙ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ትክክለኛውን ቃል ሳላገኝ ግን አልጽፍም። አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ መሳሳት የለበትም። ተሳሳትኩ ማለቴም አይደለም፤ ቃሉ ነው ያሳሳተኝ።

ዓርብ 8

መዝገበ ቃላትን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ለአንዲት ጓደኛዬ ነው። ይቅርብኝ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ጢሙን ዳበሰ። «ያለው ማን ነው? ጠግቦ ነው ወይስ አፍሮ?»

«አፍሮ እንበል።»

«እንግዲያው በአንድ ቃል አይገኝም። አይገኝም ማለት ግን አይነገርም ማለት አይደለም። ወደ ሐኪሙ ዞሮ ‹እንደገና ይጠይቁት› ማለት ነው። ሁለት ቃል ናት።»

ሐኪም የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። ለጓደኛዬ እነግራታለሁ አልኩት።

«ትፍጠን» አለኝ።

እሑድ 10

እረፍት። ሙሉ ቀን ሳሎን ውስጥ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ዋልኩ፤ የምሬን መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፉን። እናቴ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ትታገላለች። መነጽሯ ከተሰበረ ሁለት ወር አለፈው።

«እማዬ፣ መነጽር ላሠራልሽ?»

«ይቅርብኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ ምን ላነብ ብዬ?»

እሺ አልኳትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እስካሁን አሥራ አራት ቃል ጽፌያለሁ፣ አሥራ አንዱን ሰርዣለሁ። እናቴ ክሩን በምላሷ እያረጠበች እንደገና ትሞክራለች። ትግሏ ሐሳቤን ስለበተነብኝ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ከመምሸቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቅ ብላ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?» አለችኝ። የሥራ ነው አልኳት። «ሥራማ ካለ ጥሩ ነው» ብላ ወጣች።

ማክሰኞ 12

ሳልፈልግ ሰማሁ። እሺ፣ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አስተባባሪዋ ለኃላፊው፦ «ሐኪሞቹ ሲሄዱ ከሁለቱ አንዱን በቋሚነት እናስቀራለን። ሽማግሌው ቃል ሲመርጥ ይመሽበታል። እሷ ፈጣን ናት፤ አንድም ቅሬታ ቀርቦባት አያውቅም።»

አንድም ቅሬታ። ሦስት ዓመት በየወሩ እየታደሰ የመጣ ውል ቋሚ ሊሆን ነው።

ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ባይደርስም ችግር የለውም። ገና ሦስት ሳምንት አለ።

ሐሙስ 14

ባለፈው ሳምንት ሰኞ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። «ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት» ብዬ አልፌዋለሁ።

የጠየቀኝ ይሄን ነው፦ «እርግጠኛ ነው? ጠይቂልኝ።»

እኔ ወደ ልብስ ሰፊው አልዞርኩም። አስተባባሪዋ በሩ ላይ ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ሰርቪሱ ሞተሩን አስነሥቷል። «የስ፣ ሂ ኢዝ ሹር» አልኩ። ሰውየው ስለ እሱ እንደምናወራ ስለገባው ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ።

ለሃያ ስድስት ሰው ሲያስተረጉም የዋለ ማንም ቢሆን እንዲሁ ያደርግ ነበር። መዝገበ ቃላት ግን አያደርገውም ነበር። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፣ ከጻፍኩት ግን ይቆይ።

ሰኞ 18

ዛሬ ልብስ ሰፊው ራሱ መጣ። ከበሩ እስከ አግዳሚው ወንበር ድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ።

«ኧረ ይቀመጡ አባቴ!»

«የጋዋንሽ ክንድ ተተርትሯል» አለኝ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። «አውልቂው፣ ልጥቀምልሽ።»

«ይቅርብኝ፣ አይድከሙ።»

«አምጪው እንጂ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?»

አውልቄ ሰጠሁት። መርፌው ከኮቱ ኮሌታ ሥር ተሰክቶ ነበር የመጣው። በየመሀሉ ቆም እያለ ይተነፍሳል፣ ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። እዚያው እንደተቀመጠ ጠየቅሁት፦ ያን ቀን ለምን ይቅርብኝ አሉ?

«ታዲያ ገና ሲሉኝ ዘልዬ እሺ ልበል? ከኋላዬ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ? ሆዳም ይሉኛል።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ደግሞ አልዋሽሽም፣ ፈርቻለሁ። አንድ ሰው አይዞህ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሲያናግርሽ አሁን ሊለምነኝ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እሱ ግን ጽፎ ተነሣ። እንግዲህ እሺታዬን ከፊቴ አንብቦት ይሆናል አልኩና ወጣሁ። እነሱ የተማሩ ናቸው።»

የበጠሰውን ክር ከወለሉ ላይ አነሣሁ።

«ነገሩ አሁን የት ደረሰ ልጄ?»

«እየታየ ነው» አልኩት።

ጋዋኑን አራግፎ ሰጠኝ። የተተረተረው የት ጋ እንደነበረ አይታወቅም።

ረቡዕ 20

ደብዳቤው ሦስት ገጽ ሆኗል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ «ቀረ» የጻፍኩት በጣም ወጥቶልኛል። ይመጣል የተባለ ሰው ሳይመጣ ሲቀር ቀረ እንላለን። ከሄደበት ያልተመለሰም ቀረ ነው። ይቅር በለኝም ከዚያው ግንድ ነው። ይቅርብኝ የሚል ሰው ነገሩ እንዲቀር ሳይሆን፣ መቅረቱ የሚያሳዝነው ሰው መኖሩን ለማየት ነው የሚፈልገው። ይህን በእንግሊዝኛ ለማለት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አርእስቱ ገና ነው። ቃሉም ገና ነው። ሆልድ ባክ፣ ራስን መግታት? ዴመር፣ አፍሮ ማመንታት? ዴመር ጥሩ ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ ያውቀው እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

ቅዳሜ 23

የዛሬው ፈረቃ ግማሽ ቀን ነበር። መዝገበ ቃላት ሻይ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቴ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጓደኛሽ ነገረቻቸው?»

«ደብዳቤ እየጻፈች ነው።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ?»

«ቃሉ አልተገኘላትም ጋሼ። ቀላል እኮ አይደለም፣ አንተው ራስህ አይገኝም ብለሃል።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ አይገኝም ያልኩት ይቅርብኝን ነው። ‹ተሳስቻለሁ› ለሚለው እንግሊዝኛው አይጠፋትም መቼም። ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ዓመት ይማሩታል።»

ፊቴ ጋለ። «ስለ ቋሚ ሥራው ሰምተሃል መሰለኝ» አልኩት።

ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ የሁለታችንንም ሻይ ከፍሎ ወጣ።

አሁን ሳስበው መናገር አልነበረብኝም። ግን እውነት ነው፤ እኔ ስህተቴን ባወራ የሚጠቀመው ማን ነው? እሱ ነው። ሰው ምክሩን ሲሰጥ ከምክሩ የሚያገኘውንም ማየት ያስፈልጋል።

ማክሰኞ 26

አንዷ በሽተኛ ትኩሳት ያዛትና ከዝርዝሩ ወጣች። ለሐሙስ አንድ ቦታ ተከፈተ።

ረጅሙን ሐኪም ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ብቻውን ነበር፣ ፖም እየበላ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ገና ያልተገለበጠ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት። እንዲህ ሆኖ አይሰጥም ብዬ በቃል ጀመርኩለት። በቋንቋችን ውስጥ አንድ ግሥ አለ አልኩ። ስለ ቀረ ነገርኩት። ስለ ጨዋነት ነገርኩት። ፎርጎ ለምን እንደማይበቃ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ «በጣም የሚገርም ቋንቋ ነው» አለኝ። ወደ ልብስ ሰፊው ልደርስ ስል ነርስ ጠራችው። ፖሙን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ሄደ።

ቦታውን ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ሰጡት። እኔው ነኝ ለቤተሰቡ ስልክ የደወልኩት። እልል አሉ።

ሐሙስ 28

ሚስትየዋ ሁለቴ ደወለች። አላነሣሁም። ሥራ ላይ ስልክ ማንሣት ክልክል ነው።

ዓርብ 29

ልብስ ሰፊው ገብቷል። ድንገተኛ ክፍል፣ ኦክስጅን። ሳምባው ውሃ ቋጥሯል።

ሚስቱ አልጋው ግርጌ ኮፍያውን ይዛ ቆማለች። ስታየኝ «ተራው ደረሰ እንዴ?» አለች። ደስ ብሏት ነው። የመጣሁት ልጠራው መስሏታል።

ረጅሙ ሐኪም መጣ፣ አዳመጠው፣ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ሁኔታ ቢላዋ አያስነኩትም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ኖሮ አለ። «ቢሆን ኖሮ» የምትለዋን አልተረጎምኳትም። «አሁን ማገገም አለበት» አልኳቸው።

ልብስ ሰፊው ጭንብሉን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር ሊለኝ ሞከረ። ጎንበስ አልኩ። «እሺ በይልኝ» አለኝ። «ለሐኪሙ። እሺ ብሏል በይልኝ።»

ነገርኩት። ይህችን በትክክል ነው የተረጎምኳት።

እሑድ 1

ንጋት ላይ አረፈ። ተረኛዋ ነርስ ናት የደወለችልኝ።

እናቴ ቁርስ አቀረበች። አልበላሁም። ማን ሞተ አለችኝ። አንድ ልብስ ሰፊ አልኳት። «ታውቂዋለሽ?» አለችኝ፤ ጋዋኔን አጥቤ አሰጣሁ።

ማክሰኞ 3

ሄጄ ነገርኩት። ሐኪሙን። እጁን ሲታጠብ ደረስኩ። ደብዳቤ አልያዝኩም፣ ምንም አልያዝኩም። ያን ቀን ሰውየው እምቢ አላለም፣ አፍሮ ነው፣ እርስዎ ጠይቂው ሲሉኝ እኔ አልጠየቅሁትም፣ በራሴ መለስኩ፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። በእንግሊዝኛ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ቧንቧውን ዘጋ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በሦስተኛው ቀን።»

እጁን በወረቀት ጠረገ። «በሦስተኛው ቀን ቦታ ነበረኝ» አለ። «በሁለተኛው ሳምንትም ነበረኝ። ባለፈው ማክሰኞ ኮሪደር ላይ የነገርሽኝ ስለ እሱ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ስለ ቋንቋ የምታጫውቺኝ መስሎኝ ነበር።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ጥሎ ለቤተሰቡ ነግረሻል ወይ አለኝ። ገና ነው አልኩ። «ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት። ይህን ላንቺ እተወዋለሁ» አለኝ። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኩት።

ሐሙስ 5

ሐኪሞቹ ሄዱ። አበባ፣ ፎቶግራፍ፣ የኃላፊው ንግግር። ንግግሩን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ረጅሙ ሐኪም የሁሉንም እጅ ጨበጠ፤ የእኔንም ጨበጠ። ለአስተባባሪዋ ምንም አልነገራትም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ጠርታ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ቋሚ። «ፍጥነትሽን ሁሉም አመስግኖታል» አለችኝ። ፈረምኩ።

መዝገበ ቃላት ዕቃውን ሲሰበስብ ሄጄ ጋሼ አልኩት። «አይዞሽ፣ እኔ ጡረታ አለኝ» አለኝ። ሐኪሙን እንዳናገርኩት አልነገርኩትም። ጥሩ ሠራሽ እንዳይለኝ ፈራሁ።

እሑድ 8

ሐዘን ቤታቸው ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ስለማመደው ነው የሄድኩት፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሐኪሙ ጠይቂው ብሎኝ ነበር፣ አልጠየቅሁትም። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ በገዛ ቋንቋዬ ነው።

አንድ ክፍል ቤት ነው። የስፌት መኪናው ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኗል። ሰባት ስምንት ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስትየዋ ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝ። ስታለቅስ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሰው። «ይቺ ናት» አለቻቸው ለሰዎቹ፣ «ስንመላለስ ስታስተናግደን የነበረችው። እሱ ይወዳት ነበር።» ቦታ ለቀቁልኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

እሷ ግን ቀደመችኝ። ከስፌት መኪናው መሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች፤ የካርዱ ቅጂ ነው፣ ሆስፒታሉ ከዕቃው ጋር የሰጣት።

«እህቴ፣ አንቺ ቋንቋውን ታውቂያለሽ። ለምን እንዳልሠሩለት እዚህ ላይ ተጽፏል አሉኝ። እስቲ አንብቢልኝ። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው፦ ፔሸንት ሪፊዩዝድ። ሁለተኛው፦ ኢንተርፕረተር ኮንፈርምድ፤ አስተርጓሚዋ አረጋግጣለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሯል። አፌን ስከፍት አንድ ወር ሙሉ ያጣሁት ነገር ራሱ መጣልኝ፤ በግልባጩ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ለካ ምንም አያስቸግርም።

«ይቅርብኝ ብሏል፣ ይላል» አልኳት።

«ሰማችሁ?» አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ። «ራሱ ነው! ይቅርብኝ ይላል እንዴ እዚያም ሄዶ? አንተ ሰውዬ፣ እዚያም?» ደረቷን መታች። አንዷ ጎረቤት እጇን ይዛ «እንግዲህ እሱው ካለ ማን ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም» እያለች ታባብላታለች። ሌላው ሰውዬ «ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር» አለ። በዚያው ተቀባበሉት፤ መቼ መቼ ይቅርብኝ እንዳለ፣ የቱን የቱን እንዳስቀረ።

ዓይኗን ጠርጋ ወረቀቱን እንደገና ወደ ፊቴ አመጣችው። ጣቷን አሳረፈችበት።

«ከሥር ያለችውስ? ይቺ አጭሯ?»

«የሐኪሙ ፊርማ ናት» አልኳት።

«እሺ» አለች። ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው፣ ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ይህንንም የሚነግረኝ አላገኝም ነበር።»

አንድ ሰዓት ያህል ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።